ጠያቂ ላጣ ጠያቂ የነበሩት የአቶ ሙላቴ ካሴ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሙላቴ ካሴ ከአባታቸው ከአቶ ካሴ እንግዳ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ትርንጎ በላይ በጥቅምት ወር 1942 ዓ.ም. በጉና ተራራ ሥር አስታ ሜዳ በምትባል መንደር ተወለዱ። አገሩ ብርድ ነው፤ ገብስና ድንች እንጂ ጤፍ አያበቅልም። ወላጆቻቸው ከእሳቸው በፊት የወለዷቸውን ልጆች በሕመም አጥተው ስለነበር፣ እሳቸው ሲተርፉላቸው የጎደለው ቤታችን ሞላ ሲሉ ሙላቴ ብለው ስም አወጡላቸው።

ዕድሜያቸው ሲደርስ በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። ከዚያም አጎታቸው ወደ ደብረ ታቦር ወስደው ዘመናዊ ትምህርት ቤት አስገቧቸው። በ1963 ዓ.ም. ደብረ ዘይት ሄደው የእንስሳት ጤና ረዳትነት ሥልጠና ተከታተሉ፤ በተከታዩ ዓመት በግብርና መሥሪያ ቤት ተቀጥረው ወደ ተወለዱበት አገር ተመለሱ። ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ የሥራ ቦታቸው ይኸው ደጋ ነበር። የክትባት መድኃኒቱን በበቅሎ ጭነው ከጉና ቁልቁለት ወደ ቁልቁለት እየዞሩ በግና ከብት ሲያክሙ ኖረዋል። ገበሬው «የበግ ሐኪም» ይላቸዋል። ከመንግሥት ሠራተኛ መካከል የመንደር ውሻ የማይጮህባቸው እሳቸው ብቻ ናቸው እየተባለ ይቀለድ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. ከወይዘሮ ፈንታነሽ ዓለሙ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጽመው በ1970 ዓ.ም. ወንድ ልጃቸውን መልካሙን፣ በ1975 ዓ.ም. ደግሞ ይህን ታሪክ ያዘጋጀችውን ሴት ልጃቸውን ትዕግሥትን አፍርተዋል። በ1984 ዓ.ም. መኖሪያቸውን ወደ ደብረ ታቦር ከተማ ቢያዛውሩም ሳምንቱን የሚያሳልፉት ያው ተራራው ላይ ነበር። ቤታቸው ሲገቡ ካፖርታቸው በግ በግ ይሸታል እየተባሉ በባለቤታቸው ይነቀፉ ነበር፤ እሳቸውም እየሳቁ ደጅ ይሰቅሉታል።

የአቶ ሙላቴን ታሪክ የሚጽፍ ሰው የ1994 ዓ.ም.ን ጥር ሊዘለው ይችል ነበር። ቤተሰቡ ተመካክሮ እንዳይዘለል ወስኗል፤ እሳቸው ራሳቸው ለማንም ሳይሸሽጉት ኖረዋልና።

በዚያ ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ በዋለው ገበያ፣ በበግ ንግድ ይተዳደር የነበረው ልጃቸው መልካሙ፣ አዱኛ ከሚባል ወጣት ጋር ተጣላ። ነገሩ የጀመረው በአንድ ክፉ ቃል ነበር። ከቃል ወደ ዱላ አለፈ። አዱኛ ጭንቅላቱን ተመትቶ በማግሥቱ አረፈ። አዱኛ ከአስታ ሜዳ ማዶ የሚኖሩት የወይዘሮ ጌጤ አንድያ ልጅ ነበር። ወይዘሮ ጌጤ ባላቸውን ቀደም ብለው ቀብረዋል፤ በጎቻቸውንም ከግልገልነታቸው ጀምሮ ያከሟቸው አቶ ሙላቴ ነበሩ።

መልካሙ ሸሽቶ ጉና ላይ ከአንድ ገበሬ ቤት ተሸሸገ። ዘመድ ሁሉ በአንድ ቃል ልጁ ይሽሽ፣ ቆላ ይውረድ፣ ጊዜ ይለፍ አለ። አቶ ሙላቴ ግን ተራራውን ከማንም በላይ ያውቁታልና ልጃቸውን ፈልገው አገኙት። «ተነሥ፣ እንሂድ» አሉት፤ ሌላ ነገር አልተናገሩም። በቅሎዋ ላይ አስቀምጠውት እሳቸው ልጓሙን ይዘው ወረዱ። መልካሙ አባቱ ወንዛዬ ፍል ውኃ አጠገብ ወደምትኖረው አክስቱ የሚያደርሱት መስሎታል። ከከተማው በላይ መንገዱ ሁለት ቦታ ሲከፈል አባቱ ወደ ደብረ ታቦር መለሱት፤ ከዚያም ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ከበቅሎዋ አወረዱት። ልጁ አልታገለም። አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፦ «አባቴ ናቸው ብዬ መንገዱን አልጠየቅኩም።»

አሥራ ስምንት ዓመት ተፈረደበት።

ወይዘሮ ፈንታነሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ይዘው ወደ ማረሚያ ቤት ሲሄዱ መልካሙ ወጥቶ እናቱን ያነጋግር ነበር። እሑድ አባቱ ሲሄዱ ግን አይወጣም። አቶ ሙላቴ በገዛ እጃቸው ድንች ቀቅለው፣ አዋዜ በትንሽ ዕቃ ይዘው በሩ ላይ ቆመው ያስጠሩታል። ዘቡ ብቻውን ይመለሳል። «አባት፣ ጠያቂ የለኝም ይላል» ይላቸዋል ዓይናቸውን ላለማየት ወደ ጎን እየተመለከተ። ድንቹም ሳይነካ ይመለስላቸዋል። ጎረቤት ይህን ሲሰማ ግማሹ ልጁን ወቀሰ፣ ግማሹ አባቱን። እሳቸው ግን በሚቀጥለውም እሑድ ድንች ቀቅለው ሄዱ።

ከብዙ እሑዶች በኋላ አንድ ቀን ዘቡ እንደ ልማዱ ሲመለስ፣ አቶ ሙላቴ አገልግላቸውን ይዘው አልተነሡም። «ከውስጥ ጠያቂ የሌለው ሰው ማን ነው?» ብለው ጠየቁት። ዘቡ ጥቂት አሰበና ደምሴ የሚባሉ የጉና ሰው ስም ጠራ። እኚህ ሰው ከታሰሩ ወዲህ ዘመድ መጥቶላቸው አያውቅም፤ አገራቸው ሩቅ፣ ቤታቸው ድሃ ነው። አቶ ሙላቴ «እንግዲያው እሱን ጥራልኝ» አሉ።

አቶ ደምሴ ስማቸው ሲጠራ ሮጠው ወጡ። አጥሩ ጋ ደርሰው የማያውቁት ሰው ቆሞ ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። ሰላምታም ሳይሰጡ «ማን ሞተ?» አሉ።

«ማንም አልሞተም» አሏቸው አቶ ሙላቴ። «ድንች ይዤ ነው የመጣሁት። ረቡዕ ለክትባት ወደ አገርህ እወጣለሁ። ቤትህ ምን ልበልልህ?»

 አቶ ደምሴ የሚልኩት ነገር ጠፍቷቸው ድንቹን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ከዚያ «በሕይወት አለ በሉልኝ» አሉ። አቶ ሙላቴም ረቡዕ ወጥተው ይህንኑ አደረሱ፤ በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ የሚስታቸውን መልስ፣ ከጓሯቸው ገብስ አንድ እፍኝ ቆሎ ጭምር ይዘው ተመለሱ።

ከዚያ እሑድ ጀምሮ ይህ ሥራቸው ሆነ። ለእንስሳት ሕክምና የሚዞሩበት አገር አብዛኛው እስረኛ የመጣበት አገር ነው። ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ የማን ቤት በየትኛው ጥግ እንዳለ ያውቃሉ። የላኪው ቃል ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት በአእምሯቸው ይዘው ይወጡ፣ የቤቱን ቃል ይዘው ይወርዱ ነበር። አጥር ጋ ቆመው ከመጽናኛው በፊት ወሬውን ያስቀድማሉ። ላሚቱ ወለደች፣ በልጉ ጣለ፣ የእገሌን ጣራ ነፋስ ወሰደው፣ ታናሽህ ዳዊት ጀመረ ይላሉ። ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ሲጠየቁ «አይዞህ ባዶ እጁን አይሄድም፤ የቤት ወሬ ይጫንለታል» ይሉ ነበር።

አቶ ደምሴ ሲታሰሩ ሚስታቸው ነፍሰ ጡር ነበሩ። የተወለደችውን ልጅ አይተዋት አያውቁም። አንድ ቀን «ምን ታክላለች?» ብለው ሲጠይቁ አቶ ሙላቴ በእጃቸው ከፍታ ሊያሳዩ ሞከሩና ተዉት። በሚቀጥለው ጉዟቸው ልጅቱን ግድግዳ አስደግፈው በሲባጎ ለክተው ቆርጠው አመጡላቸው። አቶ ደምሴ ሲባጎዋን ተቀብለው ከእግራቸው ጀምረው በገዛ ሰውነታቸው ላይ ለኳት፤ ከወገባቸው በታች ነበረች። አጠገባቸው የነበሩት እስረኞችም እየተቀበሉ ለኩ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አጨዳ ሲደርስ አዲስ ሲባጎ ይመጣላቸው ነበር።

ሁልጊዜ የሚወደድ ወሬ ብቻ አልያዙም። የአንድ እስረኛ ሚስት ሌላ ባል አግብታ ቤተሰቡ ይህን ደብቀው ደኅና ናት እንዲሉለት ለመኗቸው። እሳቸው «መንገዱን ሳልነግረው የወሰድኩት አንድ ሰው ይበቃኛል» ብለው እንቢ አሉ። እውነቱን ነገሩት። ሰውየው ተቆጥቶ ለብዙ ጊዜ አልወጣላቸውም። እሳቸው ግን ስሙን ከማስጠራት አልቦዘኑም፤ ቆይቶም ወጣ።

የከተማው ጨርቅ ነጋዴ አቶ ኑሩ ወዳጃቸው የሆኑት በዚሁ ምክንያት ነው። አቶ ሙላቴ አንድ ቀን ሱቃቸው ገብተው «የእናንተም ሰዎች ውስጥ አሉ፤ ረመዳን ሊገባ ነው፣ የእኛን ቤት ሥጋ ደግሞ አይበሉም» አሏቸው። አቶ ኑሩ ወዲያው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሀዋን ጠሩ። ከዚያ ወዲህ በየረመዳኑ ማፍጠሪያ ከወይዘሮ ሀዋ ቤት ይወጣል፤ አቶ ኑሩም እሑድ እሑድ ሱቃቸውን ዘግተው ከአቶ ሙላቴ ጎን ይቆሙ ጀመር። ሁለቱ ሽማግሎች አገልግል ተንጠልጥሎባቸው ሲሄዱ ያየ የከተማው ሰው ቀኑ እሑድ መሆኑን ያውቃል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ አቶ ሙላቴ ሌላውን ከማስጠራታቸው በፊት የልጃቸውን ስም ያስጠሩ ነበር። መልካሙ አይወጣም። አቶ ሙላቴ የሌላውን ሰው ልጅ ሲያጽናኑ የራሳቸው ልጅ ከግድግዳው ጀርባ ድምፃቸውን ይሰማ እንደነበር በኋላ ተናግሯል። ወይዘሮ ፈንታነሽ ቅዳሜ ተመልሰው ልጃቸው ከስቷል፣ ወፍሯል፣ ሽመና ጀምሯል እያሉ ለባላቸው ይነግሯቸዋል። እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጣሉ።

በ1997 ዓ.ም. የአገር ሽማግሎች ብዙ ደክመው ከሟች ቤተሰብ ጋር እርቅ ወረደ። ወይዘሮ ጌጤ መስቀል ተሳልመው «ስለ እግዚአብሔር ብዬ ትቻለሁ» አሉ። ሰዉ ተመራርቆ ሊለያይ ሲል ግን ወደ አቶ ሙላቴ ቀርበው እንዲህ አሏቸው፦ «አንቱ እሑድ እሑድ በር ላይ ቆመው ልጅዎን ያስጠራሉ አሉ። ባይወጣም ውስጥ አለ። እኔ የት በር ሄጄ ላስጠራ?»

 አቶ ሙላቴ ያን ቀን በቅሏቸውን እየሳቡ በእግራቸው እንደተመለሱ፣ ቤታቸውም ገብተው እህል እንዳልቀመሱ ልጃቸው ትዕግሥት ታስታውሳለች። ከዚያ በኋላ ክትባት በደረሰ ቁጥር አስቀድመው የወይዘሮ ጌጤን በጎች ያክሙ ነበር። ወይዘሮ ጌጤ በጎቹን ይይዙላቸዋል፤ ሲያበቃ «እግዜር ይስጥልን» ይላሉ። «ቤት ይግቡ» ግን አንድም ቀን አላሏቸውም። አቶ ሙላቴም በዚህ አልከፋቸውም፤ ልክ ናቸው ይሉ ነበር።

በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ወይዘሮ ፈንታነሽ በድንገተኛ ሕመም አረፉ። ከተማው ውስጥ ለእስረኛ መርዶ የሚነገረው በአቶ ሙላቴ አፍ ነበር፤ ስንት ሰው አጥር ጋ ቆመው አርድተዋል፣ አስለቅሰዋል፣ አጽናንተዋል። ለገዛ ልጃቸው ሊያረዱ ሲሄዱ ግን ልጁ አይወጣላቸውም። ራሳቸውን ተላጭተው በሩ ላይ ቆመው አቶ ደምሴን አስጠሩ። አቶ ደምሴም የተላጨ ራሳቸውን አይተው ሳይነገራቸው ገባቸው።

«እኔ ብነግረው ይሻል ነበር» አሏቸው አቶ ሙላቴ። «ግን አይወጣልኝም። ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ።»

አቶ ደምሴ ውስጥ ያሉትን ሽማግሎች አስከትለው፣ ወጉ እንደሚያዘው ዙሪያውን ከበው ለመልካሙ አረዱት። አብዛኞቹ አባቱ ቤታቸው ድረስ የተላኩላቸው ሰዎች ነበሩ። እናቱን እንደ እናታቸው አለቀሱለት። አቶ ሙላቴ ውጭ ቆመው የሙሾውን ድምፅ ይሰማሉ። ከዚያ በሩ ተከፈተና መልካሙ ወጣ። አባትና ልጅ በአጥሩ ወዲህና ወዲያ ቆመው አለቀሱ። 

በሚቀጥለው እሑድ ስሙ ሲጠራ መልካሙ ወጣ። እናቱ የት እንደተቀበረች፣ ማን ማን እንደመጣ ጠየቀ። ከዚያም ለዓመታት ይዞት የኖረውን አነሣ፦ «ያን ቀን ወዴት እንደምንሄድ ለምን አልነገሩኝም?»

«ፈራሁ ልጄ» አሉት። «ብነግርህ አልሄድም ትለኛለህ፤ አልሄድም ካልከኝ የእኔም ልብ ካንተ ጋር ይሸፍታል ብዬ ፈራሁ። መውሰዴን አልጸጸትበትም። ዝም ማለቴን ግን ይቅር በለኝ።»

መልካሙ ወዲያው ይቅር እንዳላላቸው፣ ነገር ግን ድንቹን ተቀብሎ እንደገባ ራሱ ለእህቱ ነግሯታል። ይቅርታው ቀስ እያለ በየእሑዱ መጣ።

አቶ ደምሴ በ2001 ዓ.ም. ተፈተው ሲወጡ እስከ ቤታቸው በር ድረስ የሸኟቸው አቶ ሙላቴ ናቸው። ጡረታ ከወጡም በኋላ የመሥሪያ ቤቱ በቅሎ ስላልነበረቻቸው በሚኒባስና በእግር ሆነው መልእክት ማድረሳቸውን አልተዉም። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ልባቸው ታመመ፤ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። በባሕር ዳር ሕክምና ሲከታተሉ ሐኪሞች ተራራ እንዳይወጡ ከለከሏቸው። ጉናን ከቤታቸው ደጅ ሆነው እያዩ ዋሉ። የደጋው መልእክት በአቶ ደምሴ እጅ ሆነ፤ እሳቸው ግን እሑድ እሑድ በባጃጅ ወደ ማረሚያ ቤቱ መሄዳቸውን ቀጠሉ። አቶ ኑሩ ክንዳቸውን ይዘው ያወርዷቸዋል።

መልካሙ በአመክሮ የሚፈታው በመጪው ጥር ነው። አቶ ሙላቴ ለእሱ ክፍሉን በኖራ አስቀብተው፣ አልጋውንም አሠርተው ነበር። በኅዳር ወር ሕመማቸው ጠንቶ ከአልጋ ዋሉ። ኅዳር 15 ቀን እሑድ ነበርና «ዛሬ ማን ሄደ?» ብለው ጠየቁ። አቶ ኑሩ መሄዳቸው ሲነገራቸው «ወጣ?» አሉ። መልካሙ ወጥቶ ስለ አባቱ እንደጠየቀ ነገሯቸው። «እንግዲያው ደኅና ነው» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰኞ ኅዳር 16 ቀን 2006 ዓ.ም. ጠዋት በተወለዱ በስድሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

መርዶውን ለመልካሙ ያደረሱት እህቱ ትዕግሥትና ከጉና የወረዱት አቶ ደምሴ ናቸው። የማረሚያ ቤቱ ኃላፊዎች በጥበቃ ታጅቦ ለቀብሩ እንዲወጣ ፈቅደውለት ነበር። እሱ ግን አልቅሶ ሲያበቃ እንዲህ አለ፦ «እማማ ጌጤ ለቅሶ ይመጡ ይሆናል። እኔን ካዩ ከመንገድ ይመለሳሉ። አባዬን እሳቸው ይቅበሩልኝ፤ እኔ በጥር ወጥቼ መቃብሩ ላይ አለቅሳለሁ።» እህቱ ልትለምነው ጀምራ ነበር፤ አቶ ደምሴ ግን «ተይው፣ ልጁ ያወቀውን ያውቃል» አሏት። ስለዚህ በዛሬው ዕለት የአቶ ሙላቴ ብቸኛ ወንድ ልጅ ከአስከሬናቸው ኋላ አይቆምም።

አቶ ሙላቴ አንድ ወንድ ልጅ፣ አንዲት ሴት ልጅና ሁለት የልጅ ልጆች ትተው አልፈዋል። ከእነዚህ ሌላ ዛሬ ከደጋው ብርድ ውስጥ ተነሥተው በእግር የመጡ፣ «አባቴ ነበሩ» የሚሉ ብዙ ሰዎች ከቤተሰቡ ጋር ቆመዋል። ቤተሰቡም ለቅሶውን ከእነሱ ነጥሎ የእኔ ብቻ ነው አይልም።

ይህ ታሪክ በሚነበብበት ሰዓት ወይዘሮ ጌጤ ከለቅሶተኛው መካከል ይኑሩ አይኑሩ አዘጋጇ አታውቅም። ካሉ፣ መልካሙ የቀረው እሳቸውን አክብሮ መሆኑን ይወቁልን። ከሌሉም ማንም ሰው አይፍረድባቸው።

የአባታችንን የአቶ ሙላቴ ካሴን ነፍስ እግዚአብሔር ከደጋጎቹ ማኅበር ያቁምልን። ውስጥ ያሉትን ለቤታቸው ያብቃልን። ልጇን ለቀበረች እናት ሁሉ፣ እኛ ልንሰጣት ያልቻልነውን መጽናናት እሱ ይስጥልን። አሜን።